ትንንሽ ወታደሮቻችንን ከታሪክ ጋር ማስታረቅ፦ ከአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እስኪፈላ ድረስ የፕላስቲክ ወታደር የምንቆርጥ፣ የምንገጣጥምና የምንቀባ ጥቂት ሰዎች አለን። ማኅበር አይደለንም፣ ስምም የለንም። ሥራችንን ያየ ሰው ሁሉ ግን ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቀን። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ከመመለስ ብዬ እዚህ ጻፍኩት። መልሱ የእኔ ነው፤ ጓደኞቼ በግማሹ አይስማሙም። በተለይ በጎራዴው ጉዳይ አንዱ እስካሁን አኩርፎኛል።

ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም እንዴ?

ባለቤቴም እንደዚያ ነው የምትለው። ልዩነቱ ልኬቱ ላይ ነው። እኛ በብዛት የምንሠራው በ1:35 ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 48 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በ1:72 ያው ሰው ከ24 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ እዚያ ላይ ስለ ዝናር ጥይት መጨቃጨቅ ዓይንን በከንቱ ማድከም ነው። ለጀማሪ 1:35 ይሻላል።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ተከትዬ ብቀባ ምን ችግር አለው?

ሥዕሉ የተሣለው ዕቃውን ለመሸጥ ነው። የታወቀ የአውሮፓ ጦር ከሆነ ብዙ አያሳስትም። የእኛ ታሪክ ሲሆን ግን አንዳንዱ አምራች «አፍሪካዊ ተዋጊ» የሚል አንድ አካል ይሠራና ለሁሉም ያለብሰዋል። ረጅምና ሞላላ የዙሉ ጋሻ የያዘ «የአድዋ አርበኛ» በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ጋሻ ክብ ነው፣ ከቆዳ የተሠራ፣ ወደ መሃሉ ሾጠጥ ያለ።

ስለዚህ ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት አራት ነገር ወስኑ፦ ይህ ሰው የማን ጦር ነው? የት ነው ያለው? በየትኛው ዓመት? በየትኛው ወር? አራተኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ምን እንደደረሰብኝ ወደ ታች አወራለሁ።

የአድዋ ተዋጊ ስሠራ በብዛት የምሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

አያያዙ ላይ። ሰው ስለ ቀለሙ ሲጨነቅ ያድርና ጎራዴውን በግራ ወገብ ያስታጥቃል። በግራ የሚታጠቀው የአውሮፓ ወታደር ነው። የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኙ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ ተጓዦችም ይህንኑ ጽፈዋል። ኪቱ ውስጥ፣ ማለትም የሚገጣጠመው ሞዴል ሳጥን ውስጥ፣ ጎራዴው ለብቻው የሚለጠፍ ከሆነ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከአካሉ ጋር ተያይዞ የተቀረጸ ከሆነ ግን በምላጭ ፍቃችሁ፣ የተፋቀውን ቦታ በፑቲ (እንደ ሊጥ ተለውሶ በሚደርቅ መሙያ) ሞልታችሁ፣ ጎራዴውን ከነአፎቱ እንደገና መሥራት ነው።

ያኮረፈው ጓደኛዬ «የምታሳየኝ ፎቶ ተገልብጦ የታተመ ነው» ይላል። ነገሩ ይሆናል፤ የድሮ ፎቶ እየተገለበጠ ሲታተም ብዙ ጊዜ ታይቷል። መፍትሔው ግን እዚያው ፎቶው ውስጥ አለ። ከሰውየው አጠገብ ውጅግራ የሚባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ የያዘ ካለ የጠመንጃውን ቃታ እጀታ (ጥይት ለማጉረስ የሚጎተተውን) ተመልከቱ። እጀታው ያለው በጠመንጃው ቀኝ በኩል ነው። ፎቶው ላይ በግራ ከታየ ተገልብጧል፣ በቀኝ ከታየ ጎራዴውም ያለው እውነተኛ ቦታው ላይ ነው። ይህን ነግሬው ነው እንግዲህ ያኮረፈው።

ሁለተኛው እግር ነው። ኪቶቹ ቦት ጫማ ይወዳሉ። የአድዋ ሠራዊት በባዶ እግሩ ነው የዘመተው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆርጣችሁ እግሩን በፑቲ ሥሩት፤ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ መለየት ይበቃል። ፈረሰኛም ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። የእኛ ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነበር፤ እርካቡም ትንሽ ቀለበት ናት እንጂ ኪቱ ውስጥ የምትመጣው ሙሉ ጫማ የምታስገባ ሰፊ ብረት አይደለችም። ቀጭን ሽቦ በስቴኪኒ ላይ አንዴ ጠምጥማችሁ ቁረጡና ቀለበቷን ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ጎፈር ነው። የአንበሳ ጎፈር ግንባር ላይ ሲታሰር ያምራል፣ ስለሚያምርም አምራቹ ለሁሉም ያስርለታል። ጎፈር ግን የጀግንነትና የማዕረግ ምልክት ነው። አሥር ሰው ከሠራችሁ ለአንዱ ወይም ለሁለቱ አድርጉ፤ የቀረው ፀጉሩን ይዞ ወይም ሻሽ አስሮ ይሂድ። ሁሉም ጦርና ጋሻ ብቻ ከያዘም ስህተት ነው፤ አድዋ ላይ አብዛኛው ተዋጊ ጠመንጃ ነበረው።

ባንዲራውን አትርሱ። ሦስቱን ቀለም በአንድ ጨርቅ ያዋሐደው አራት ማዕዘን ባንዲራ የመጣው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማለትም ከጦርነቱ በኋላ። ከዚያ በፊት የነበሩት ለየብቻ የሚውለበለቡ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ናቸው።

ጠመንጃው ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በማስመሪያ። የእውነተኛውን ርዝመት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ ለ35 ማካፈል ነው። ውጅግራ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሞዴሉ ላይ 37 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የአሜሪካኑ ኤም 1 ጋራንድ 110 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ 31 ተኩል ይመጣል። ኪቱ ውስጥ ያለው 33 ከሆነ ዝም በሉ፣ ዓይን አያየውም። 31 ሚሊ ሜትር የሆነ «ውጅግራ» ግን ሌላ ጠመንጃ ነው።

ከርዝመቱ በኋላ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ተመልከቱ። አባቶቻችን ስሙን በራሳቸው አንደበት አስተካክለውታል፦ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፣ ውጅግራ ደግሞ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ። ሰናድር ወደ ጎን የሚከፈት መዝጊያና ከውጭ የሚታይ መዶሻ አለው። ውጅግራ እጀታ ያለው ቃታ አለው፣ ግን አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎርስ ከሥሩ የወጣ ካርታ (የጥይት መያዣ) የለውም። ሬሚንግተን እጀታም የለውም፤ ከኋላው ትልቅ መዶሻ ብቻ ነው የሚታየው። ኪቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ነው። ከሥሩ ያለውን ካርታ ፍቃችሁ፣ አፈሙዙን በመርፌ አስረዝማችሁ ውጅግራ ማስመሰል ይቻላል። እኔ ስምንት ያህል ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመጥረጊያ እንጨት ነበር የሚመስሉት።

መጽሐፉ አድዋ 1888 ይላል፣ የጣሊያኑ ጠመንጃ ደግሞ «ሞዴል 1891» ነው። ታዲያ እንዴት ተገናኙ?

ይህ ጥያቄ በሳምንት አንዴ ይመጣል። 1888 የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓ መጋቢት መጀመሪያ 1896 ነው። ጠመንጃው ላይ ያለው 1891 የነሱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ካርካኖ የሚባለው ይህ ጠመንጃ አድዋ ሲዘመት ከተሠራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ሮጦ ለጣሊያኑ ሁሉ ካርካኖ ያስይዛል። አድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን ወታደር የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ እንደ ውጅግራ ቃታ ያለው ሆኖ ከሥሩ አራት ጥይት የሚይዝ ሳጥን የተጨመረበት። ካርካኖውን ለማይጨው አቆዩት። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ላይ ቦታው ነው።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን ከየት አመጣለሁ?

መጀመሪያ ፎቶው እንደሚዋሽ እወቁ። የዚያ ዘመን የፎቶ ሰሌዳ ቀይን አያይም ነበር፤ ቀይ የሆነው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። ለጣሊያን ያደሩት አስካሪዎች ታርቡሽ (ረዘም ያለ ቆብ) ፎቶ ላይ ጥቁር ነው፤ እውነተኛው ግን ደማቅ ቀይ ነበር። የጃኖ ጥለትም እንደዚሁ፦ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ኩታ ካያችሁ ጥለቱን ቀይ አድርጋችሁ ብታስቡት ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም።

የባህላዊው የአድዋ ሥዕልስ ለሚሉኝ፦ ሠዓሊው የራሱ ሕግ አለው። የወገን ሰው ፊቱን ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይኑ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ አለ። ብዙዎቹ የተሣሉት ከጦርነቱ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የጣሊያኑን ዩኒፎርም ቀለም ከዚያ አትቅዱ። የጋሻ ጌጥ፣ የበቅሎ ዕቃ፣ የካባ አጣጣል ግን ሠዓሊው ዕለት ዕለት ያየው ነገር ስለሆነ እኔ አምነዋለሁ።

ጣሊያኖቹን ምን ዓይነት አረንጓዴ ልቀባቸው?

ለአድዋ ከሆነ ምንም ዓይነት አረንጓዴ አትቀቡ። የታወቀው ግራጫ አረንጓዴያቸው ከአድዋ አሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የመጣው። የብረት ቆብም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የገባ ነው፤ የአድዋው የቡሽ ባርኔጣ ነው።

የቃኘው ሻለቃን ወታደር መሥራት እፈልጋለሁ። ለእሱ የተዘጋጀ ኪት አለ?

አያስፈልግም። የራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰጠው ይህ ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ወጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር ተነሳ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኮሪያ ገባ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። ልብሱም ጠመንጃውም የአሜሪካ ነው። ስለዚህ በኮሪያ ጦርነት ያለ የአሜሪካ እግረኛ ኪት ይበቃችኋል፤ ካጣችሁም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ያለውን ብትወስዱ ቅርብ ነው።

የሚለወጡት ጥቂት ናቸው። ጫማውን ጥቁር አታድርጉት፤ የአሜሪካ ጦር ወደ ጥቁር ጫማ የዞረው ከኮሪያ በኋላ ነው፣ ያኔ ቀላ ያለ ቡናማ ነበር። የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት በቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፤ ከመለጠፋችሁ በፊት የምትሠሩትን ሰው ፎቶ ትከሻ ተመልከቱ። ፊቱን ደግሞ ቀለም ብቻ አትለውጡ። አፍንጫውን ትንሽ ፍቃችሁ ጉንጩን አጥንቱ እንዲወጣ ብታደርጉት ሰውየው ወዲያው አገሩ ይገባል።

እኔ የመጀመሪያውን ቃኘው ስሠራ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጋራንዱን ለካሁ፣ ጫማውን ቡናማ አደረግሁ፣ ለኮሪያ ብዬ ከሥሩ በረዶ አለበስኩት፤ ቤኪንግ ፓውደር በኮላ ለውሼ። ደስ ብሎኝ ለአንድ ኮሪያ ዘምተው ለተመለሱ አዛውንት ወስጄ አሳየሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና አጠገባቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ታሟል?»

«ምነው አባባ?»

«በዚህ በረዶ እጅጌውን ጠቅልሏላ።»

ኪቱ እጅጌውን ጠቅልሎ ነበር የመጣው። የበጋ ሰው ነው። አራተኛውን ጥያቄ የዘለልኩት እዚህ ላይ ነው።

የእኛን ሰው ቆዳ የትኛው ቀለም ያወጣዋል?

ቀለም ሻጮች «የቆዳ ቀለም» የሚሉት ሮዝ ነገር አይሆንም። ጥቁርም አይሆንም። ቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ መሠረት አድርጋችሁ ጀምሩ። ብርሃን የሚያርፍበትን ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ስታፈኩ ነጭ አትጨምሩ፤ ነጭ የጨመረ ሰው ፊቱ አመድ የነፋበት ይመስላል። ኦከር (የአፈር ቢጫ) ወይም ጥቂት ብርቱካናማ ጨምሩ። የዓይን ነጭም ነጭ አይደለም፣ ክሬም ነው። የእጅ መዳፍና የእግር ውስጡ ፈካ ይላል፤ ሰውየው ባዶ እግሩን ሲሮጥ ተረከዙ ስለሚታይ ይህን የረሳ ሁሉ ይጋለጣል።

ነጭ ሸማ ስቀባ ፕላስተር ይመስልብኛል።

ከነጭ ስለጀመራችሁ ነው። ፈካ ካለ ግራጫማ ቡኒ ጀምራችሁ ወደ ክሬም ውጡ፣ ንጹሕ ነጭ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ትሁን። በእጅ የተፈተለ ጥጥ መቼም ወረቀት አይሆንም፤ ያውም ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግር የተለበሰ። ጠርዙን በአፈር ቀለም አቆሽሹት። ኩታው ኪቱ ላይ ከሌለ ደግሞ ስስ ሶፍት በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ በወረንጦ ትከሻው ላይ ጣሉት። እንደ ሰው ልብስ ራሱ ይወድቃል፣ አታስተካክሉት።

ዝናርና ጋሻ ኪቱ ውስጥ የለም። ከምን ልሥራ?

ዝናር የእኔ ድክመት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ኢፖክሲ ፑቲ ለውሳችሁ በጠርሙስ አሳሱትና 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቁረጡ። ወገቡ ላይ ጠምጥሙት። ሳይደርቅ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በምላጭ ጀርባ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች አስገቡበት። አሁን ጥይቱ። አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ላጡ፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ናቸው፣ ለውጅግራ ጥይት ልክ ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ቆራርጣችሁ አንድ በአንድ በወረንጦ ሰኩ። መዳቡን አትቀቡት፤ ራሱ የጥይት ቀለም ነው። ሁሉንም ኪስ ደግሞ አትሙሉ። ከቀትር በኋላ ያለ ተዋጊ ከሆነ ግማሹን ባዶ ተዉት። አምና አንዱን ዝናር ስጨርስ መብራት ጠፋ፤ ሃያ ሦስት ጥይት ምንጣፍ ላይ በስልክ መብራት ስለቅም አመሸሁ።

ለጋሻው ክኒን ጨርሳችሁ ማሸጊያውን አትጣሉ። ክኒኑ የነበረበት ክብ ጉብታ ከነዙሪያው 14 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ስትቆርጡት በ1:35 ግማሽ ሜትር የሚሆን ጋሻ ነው። መሃሉን በእስክሪብቶ ጫፍ ከውስጥ ገፋ አድርጉት፣ ሾጠጥ ይላል።

አዳማ ላይ ቀለም መርጨት ይቻላል?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በረንዳ ላይ የረጨሁት የመጀመሪያ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ቅብ) አቧራ ጠጥቶ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ። ክፍል ውስጥ ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ እዚያ ውስጥ ርጩ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ወዲያው ክዳን ድፉበት። በሙቀቱ ጊዜ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ብሩሹ ላይ ይደርቃል። እርጥብ ስፖንጅ በሰሃን ላይ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፤ ቀለሙን እዚያ ላይ ብታስቀምጡት ግማሽ ቀን ይቆያል።

የግቢያችን አፈር ለወለሉ ይሆናል፣ በሻይ ማጥለያ ነፍታችሁ በምጣድ ካመሳችሁት። ግን አመድማ ነው። አድዋም ኮሪያም አዳማ አይደሉም፣ ቀለም ቀቡት።

ከውጭ ላስመጣ ስል ምን ልጠንቀቅ?

የሚረጭ ጣሳና የኤናሜል (የዘይት ቀለም) ማቅጠኛ በአየር ፖስታ አይላክም፣ ተቀጣጣይ ናቸው። አክሪሊክ ጠይቁ። ሌላው የላኪው ጽሑፍ ነው። እኔ አንዴ ፓኬቴ ላይ «የጦር መሣሪያ ስብስብ» የሚል ተጽፎበት መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ከበውኝ ሲከፈት 20 ጠመንጃ ተገኘ፤ ትልቁ 37 ሚሊ ሜትር። አንደኛው በጥፍሩ አንስቶ ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየው፣ ሳይስቅ መዝገቡ ላይ ጻፈው። «የፕላስቲክ ሞዴል» ብለው እንዲጽፉ ንገሯቸው።

እውነተኛውን ዕቃ የት ሄጄ ልየው?

አዲስ አበባ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሙዚየም አለ፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ ለቃኘው ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ። ከዚያ በፊት ግን የዘመድ ቤት ጠይቁ። ሣጥን ሥር የተቀመጠ ዝናር ያልተገኘበት ቤተሰብ እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። በእጃችሁ ስትይዙት ክብደቱ ወገቡን እንዴት እንደሚጎትት ታያላችሁ፤ ያንን ፎቶ አያሳይም።

ስህተቱን ያገኘሁት ከጨረስኩ በኋላ ቢሆንስ?

ይወሰናል። የመጀመሪያው አርበኛዬ ጎራዴው እስከ ዛሬ በግራው ነው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ አዙሬ አቁሜዋለሁ። የቃኘውን ሰው ግን አዛውንቱ ካዩት በኋላ እንደዚያው ልተወው አልቻልኩም። እጅጌውን ለመዘርጋት ሁለቱንም ክንድ መቁረጥ ነበረብኝ፣ ፊቱም እንዳይበላሽ ፈራሁ። አንድ ምሽት በረዶውን በምላጭ ፋቅሁት። በቦታው ቡናማ አፈርና ከአሮጌ መጥረጊያ የተቆረጠ አረንጓዴ የቀባሁት ሣር ተከልኩ። መልሼ ወሰድኩላቸው። እንደ መጀመሪያው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«አሁን ሰኔ ነው» አሉ።